ልብ አንጠልጣይ የጭራቅ አዳኞች ልብ ወለድ በሦስት ቅጽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ለወጣቶች የተጻፉ፣ ጭራቅ አዳኞችን ዋና ገጸ ባሕርያት ያደረጉና ታሪካቸውን በሦስት ቅጽ የሚተርኩ ምናባዊ ልብ ወለዶችን የሚያነቡ ወይም ለማንበብ የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። በምሳሌነት የገቡት ትዕይንቶች ለማስረዳት ያህል የተፈጠሩ እንጂ ከአንድ የታወቀ መጽሐፍ የተወሰዱ ስላልሆኑ፣ ገና ማንበብ ያልጀመረ ሰውም መጨረሻው ይገለጥብኛል ብሎ ሳይሰጋ ሊያነባቸው ይችላል።

የጭራቅ አዳኞች ታሪክ ከሌላው ምናባዊ ልብ ወለድ በምን ይለያል?

በምናባዊ ልብ ወለድ ውስጥ ጭራቅ ብርቅ አይደለም፤ ጀግናው በመንገዱ ላይ አንዱን ገድሎ ያልፍና ታሪኩ ወደ ዙፋኑ ወይም ወደ ጦርነቱ ይመለሳል። በጭራቅ አዳኞች ታሪክ ግን አደኑ ራሱ ሙያ ነው። ሙያ በመሆኑም የሥልጠና ዘመን፣ መሐላ፣ የማዕረግ ተዋረድ፣ በጥብቅ የተከለከሉ ነገሮችና ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወረሱ መሣሪያዎች አሉት። ወጣቱ ገጸ ባሕርይ ወደዚህ ሙያ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ወዶ ሳይሆን በውርስ፣ በዕዳ ወይም ቤተሰቡን በማጣቱ ነው፤ አንባቢውም የሙያውን ሕግ ከጀማሪው ጋር እኩል እየተማረ ይዘልቃል። ይህን ትምህርት ቀለል አድርጎ ማለፍ አይገባም። የእነዚህ መጻሕፍት ልብ አንጠልጣይነት ከጭራቁ ግዝፈትና ከጥርሱ ብዛት ሳይሆን ጭራቁን ከሚገዙት ደንቦችና አዳኙ ከሚከፍለው ዋጋ የሚመነጭ ነው ብዬ ስለማምን፣ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ በአንድም በሌላም መንገድ ወደዚሁ ይመለሳሉ።

ታሪኩ ለምን በሦስት ቅጽ ይቀርባል?

አንዱ ምክንያት ጥበባዊ ሲሆን ረጅም ዕድሜ አለው። በጥንታዊት አቴና የወይን አምላክ በሆነው በዲዮኒሶስ በዓል ላይ የሚወዳደር የትራጀዲ ጸሐፊ ሦስት ትራጀዲዎችንና አንድ የሳቲር ተውኔት (ቀልድ የበዛበት ማሳረጊያ) ያቀርብ ነበር፤ ሦስቱ ትራጀዲዎች በአንድ ታሪክ ተያይዘው በሙሉ ለእኛ ዘመን የደረሱት ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 የቀረቡት የኤስኪለስ ተውኔቶች ብቻ ናቸው። በመጀመሪያው ግድያ ይፈጸማል፣ በሁለተኛው የሟቹ ልጅ ይበቀላል፣ በሦስተኛው ደግሞ ተበቃዩ ራሱ ታዳኝ ሆኖ ዘግናኝ የበቀል መናፍስት ያሳድዱታል። መናፍስቱ በመጨረሻ አይገደሉም፤ በከተማዪቱ ውስጥ የክብር ቦታ ተሰጥቷቸው ቁጣቸው ይበርዳል። የዛሬ የጭራቅ አዳኞች ልብ ወለዶችን ሦስተኛ ቅጽ ያነበበ ሰው ይህን አካሄድ ወዲያውኑ ይለየዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የኅትመት ጉዳይ ነው። ቶልኪን የቀለበቱን ጌታ ታሪክ እንደ አንድ ሥራ ቢያስበውም፣ አሳታሚው በወቅቱ ከነበረው የኅትመት ወጪ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ጥራዝ ከፍሎ አወጣው። ከዚያ በኋላ ሦስት ቅጽ የምናባዊ ልብ ወለድ መለያ እስኪመስል ድረስ ብዙ ጸሐፊዎች ተከተሉት።

ለአንባቢው የሚጠቅመው በሦስት የታነጸውን ታሪክ በሦስት ከተቆራረጠው መለየት ነው። የመጀመሪያው ቅጽ የራሱ የሆነ አንድ አደን ጀምሮ የሚጨርስ ከሆነና የሚቀረው ጥያቄ ከዚያ አደን የተወለደ ከሆነ፣ ታሪኩ የታነጸ ነው፤ በቅጾቹ መካከል ወራት ቢያልፉም ብዙ አይጎዳም። ቅጹ በአንድ ትዕይንት መሐል ድንገት የሚቋረጥ ከሆነ ግን ሁለተኛውን ሳይይዙ መጀመሪያውን መጨረስ አይመከርም።

በየትኛው ቅደም ተከተል ማንበብ ይሻላል? ከዋናው ታሪክ በፊት ስለሆነው ነገር የሚተርኩ ተጨማሪ መጻሕፍትስ መቼ ይነበባሉ?

ሦስቱን ቅጾች ከአንድ እስከ ሦስት በተራ ማንበብ ግዴታ ነው፤ ተጨማሪዎቹን በተመለከተ ደግሞ የወጡበትን ቅደም ተከተል መከተል ይሻላል። የካሳንድራ ክሌር መጻሕፍት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ሞርታል ኢንስትሩመንትስ የተሰኘው በዘመናችን ኒው ዮርክ የሚካሄደው ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ2007 መውጣት ጀመረ፤ ኢንፈርናል ዲቫይስስ የተባለው ባለ ሦስት ቅጽ ታሪክ ግን መቼቱ እ.ኤ.አ. የ1878 ለንደን ሆኖ ሳለ የታተመው በ2010፣ በ2011 እና በ2013 ነው። በታሪኩ ዘመን ቢሆን ኖሮ ይኸኛው ይቀድም ነበር። ነገር ግን በኋላ የተጻፈ የቀድሞ ዘመን ታሪክ አንባቢው አንዳንድ ነገሮችን አስቀድሞ እንደሚያውቅ ታሳቢ ያደርጋል፤ ለማያውቀው ሰው ምሥጢር የነበረውን ጉዳይም ያለ ምንም ዝግጅት ሊናገረው ይችላል።

በቅጾቹ መካከል የሚወጡ አጫጭር ታሪኮች ብዙውን ጊዜ የአንድን ንኡስ ገጸ ባሕርይ ኑሮ የሚያሳዩ ናቸውና ቢዘለሉም ዋናው ሴራ አይጎድልም።

ልብ ሰቀላው የሚፈጠረው እንዴት ነው?

የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1962 ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ቃለ ምልልስ ላይ ከሰጠው ማብራሪያ የተሻለ አላየሁም። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ተራ ወሬ ሲያወሩ ከጠረጴዛው ሥር ያለ ቦምብ ድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ ለ15 ሰከንድ ይደነግጣል፤ ቦምቡ መኖሩንና የሚፈነዳበትን ሰዓት አስቀድሞ ካወቀ ግን ያው ተራ ወሬ ለ15 ደቂቃ ልቡን ሰቅሎ ያቆየዋል። እንግዲህ ድንጋጤ የሚመጣው ካለማወቅ ሲሆን፣ ልብ ሰቀላ ግን ከማወቅ ይመጣል።

በጭራቅ አዳኞች ታሪክ ውስጥ የቦምቡን ቦታ የሚይዘው ደንቡ ነው። አንድ ትዕይንት እናስብ። ጭራቁ ዓይን የለውም፤ የሚያድነው በድምፅ ብቻ መሆኑን በሠላሳኛው ገጽ ላይ አንድ የተሰላቸ አሠልጣኝ ለጀማሪዎች ሲያስረዳ ሰምተናል። በሰባኛው ገጽ ላይ ልጅቷ ወደ አያቷ ቤት ስትገባ፣ ሲረግጡት ሲጢጥ የሚለውን የእንጨት ደረጃ አራተኛ እርከን በልማድ ሳታስበው ተራምዳ ታልፈዋለች፤ ጸሐፊው በግማሽ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶት ያልፋል። በሁለት መቶኛው ገጽ ላይ ጭራቁ ከደረጃው አናት ላይ ቆሟል፤ ልጅቷ ከታች ጥግ ይዛ ትንፋሿን ውጣለች። በዚህ መሐል ባልደረባዋ ጫማውን አውልቆ፣ እስትንፋሱን መጥኖ፣ ደረጃውን በጥንቃቄ መውጣት ይጀምራል። ደንቡን ያውቃል፤ ቤቱን ግን አያውቅም። በምልክት እንዳታስቆመው ጨለማ ነው፣ በቃል እንዳታስቆመው ጭራቁ ይሰማል። አንደኛውን እርከን ወጣ። ሁለተኛውን ወጣ። ሦስተኛው ላይ ቆም ብሎ አዳመጠ።

እዚህ ላይ ጎራዴ አልተመዘዘም፤ ደምም አልፈሰሰም። ሰባኛውን ገጽ የዘለለ አንባቢ የሚያየው ደረጃ የሚወጣ ልጅ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቅጽ ቀስ ይልብኛል። ገጾችን ብዘል ምን ይቀርብኛል?

ከላይ እንደተባለው ዋናው ነገር ሊቀር ይችላል። በመጀመሪያው ቅጽ የመጀመሪያ ሲሶ ውስጥ የሚገኘው የሥልጠና፣ የመሐላና የጥንት ታሪክ ገለጻ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ማስያዣ ነውና፣ በዚህ ክፍል ላይ ፍጥነትን መቀነስ እንጂ መጨመር አይመከርም። እንዲያውም አንባቢው ለየትኞቹ ነገሮች ንቁ መሆን እንዳለበት ካወቀ ቀርፋፋ የሚመስለው ክፍል ራሱ መነቃቃት ይጀምራል። መሣሪያው ወይም ድግምቱ የማይሠራበት ሁኔታ ሲጠቀስ ልብ ማለት ይገባል፤ ጸሐፊው ያንን ሁኔታ ያነሳው በኋላ ገጸ ባሕርያቱን እዚያው ውስጥ ሊያስገባቸው ነው። አዳኙ ኃይሉን በተጠቀመ ቁጥር የሚያጣው ነገር ምን እንደሆነም መያዝ አለበት፦ ትዝታ ሊሆን ይችላል፣ ዕድሜ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከሚወደው ሰው ጋር የነበረው ዝምድና። ከሁሉም በላይ ግን አለቆች ሲጠየቁ ሳይመልሱ የሚያልፉት ጥያቄ መመዝገብ አለበት። ጀማሪው «የመጀመሪያው ጭራቅ ከየት መጣ?» ብሎ ጠይቆ «ይህ የአንተ ጉዳይ አይደለም» ከተባለ፣ መልሱ በሁለተኛው ቅጽ ውስጥ እየጠበቀ ነው።

የጎራዴ ዓይነቶች ዝርዝር፣ የአልባሳት መግለጫና የግብዣ ትዕይንት በዓይን ገረፍ ተደርገው ቢታለፉ ብዙ ጉዳት የለውም።

ስሞቹና ልዩ ቃላቱ ይምታቱብኛል፤ ምን ላድርግ?

ከመጽሐፉ ጀርባ የቃላት መፍቻ ወይም የገጸ ባሕርያት ዝርዝር ካለ ከመክፈት በፊት ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በተለይ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅጽ መጨረሻ ላይ የሚገኝ ዝርዝር ማን እንደሞተና ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሊያወጣ ይችላል። የራስን ማስታወሻ መያዝ ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ሰው ስሙን፣ ታማኝነቱ ለማን እንደሆነና ምን እንደሚደብቅ የሚጠረጥሩትን አንድ መስመር መጻፍ ይበቃል፤ ጥርጣሬው ትክክል ሆኖ መገኘቱ ወይም አለመገኘቱ ራሱ የንባቡ ደስታ አካል ይሆናል።

ሁለተኛው ቅጽ ለምን ከሁሉም ይከብዳል?

ብዙ አንባቢዎች ሁለተኛውን ቅጽ እንደ መሸጋገሪያ ይቆጥሩታል፤ እኔ በበኩሌ በደንብ የተሠራ ከሆነ ከሦስቱ የሚልቀው እርሱ ነው እላለሁ። የመጀመሪያው ቅጽ መማሪያ በመሆኑ ደንቦቹ እውነት ተደርገው ይወሰዳሉ። ሦስተኛው ቅጽ የተከፈተውን ሁሉ የመዝጋት ግዴታ ስላለበት ነጻነቱ ጠባብ ነው። በሁለተኛው ግን ጸሐፊው አንባቢው የሚያውቃቸውን ደንቦች አንድ በአንድ እያነሳ ማን እንደጻፋቸውና ማንን ለመጥቀም እንደተጻፉ መጠየቅ ይችላል። የአዳኞቹ ማኅበር ራሱ የሚደብቀው ነገር ይወጣል፤ በመጀመሪያው ቅጽ በጀግንነት የተገደለው ጭራቅ ማን እንደነበር ይታወቃል፤ ደግ የመሰለው አሠልጣኝ ያስተማረው ነገር ግማሹ እውነት ሆኖ ይገኛል።

ክብደቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። በመጀመሪያው ቅጽ የተማመንበት መሬት ሲናድ አዲስ መሬት ገና አልተሰጠንም፤ የዋና ገጸ ባሕርያቱ ቡድንም ብዙውን ጊዜ በዚህ ቅጽ ይበተናል፣ ትረካውም በሁለት ወይም በሦስት ቦታዎች መካከል ይፈራረቃል። ጸሐፊው አንዱን ምዕራፍ በአንጠልጣይ ሁኔታ ላይ ትቶ ወደ ሌላው ቡድን ሲሻገር፣ አንባቢው ተናዶ የሚፈልገውን ሰው ምዕራፎች ብቻ እየለቀመ ማንበብ ያምረዋል። ይህን ማድረግ አይመከርም። የሁለቱ መስመሮች ምዕራፎች የተደረደሩት አንዱ ቡድን የማያውቀውን ነገር አንባቢው ከሌላው ቡድን እንዲሰማ ተደርጎ ስለሆነ፣ ለቃቅሞ ያነበበ ሰው ገጸ ባሕርያቱ የሚያውቁትን ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ስለ ቦምቡ የተነገረው ነገር ሁሉ ያመልጠዋል።

በሁለተኛው ቅጽ መጨረሻ ላይ ሽንፈት መኖሩም የተለመደ ነው። አንባቢው ይህን እንደ ጉድለት ባያየው መልካም ነው፤ በደንቡ መሠረት የሚገባ ሽንፈት መሆን አለመሆኑን ግን ቢመረምር ይጠቅመዋል።

የጭራቅ አደን ታሪክ መነሻው የት ነው? የቆዩ ሥራዎችን ማንበብ ይረዳል?

ጭራቅ ገዳይ ጀግና በየሕዝቡ ተረት ውስጥ አለ፤ ለዛሬው ልብ ወለድ ቅርጽ በቀጥታ የሚቀርቡት ግን ሁለት ሥራዎች ይመስሉኛል። አንደኛው ቤዎውልፍ የተሰኘው የጥንታዊ እንግሊዝኛ ግጥም ነው። 3,182 ስንኞች ያሉት ይህ ግጥም ወደ እኛ የደረሰው በ1000 ዓ.ም. አካባቢ በተጻፈ በአንድ ብራና ብቻ ሲሆን፣ ብራናው እ.ኤ.አ. በ1731 ከደረሰ የእሳት አደጋ ጠርዙ ተለብልቦ ተርፎ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። በግጥሙ ውስጥ ሦስት አደኖች አሉ። ግሬንደል የተባለውን ጭራቅ ብረት አይቆርጠውምና ጀግናው ቤዎውልፍ ክንዱን በባዶ እጁ ይገነጥለዋል፤ የግሬንደል እናት ለልጇ ደም ስትመጣ የተዋሰው ስመ ጥር ጎራዴ ይከዳዋል፤ ከ50 ዓመት ንግሥና በኋላ ከዘንዶ ጋር ሲገጥም ደግሞ አብረውት ከሄዱት አንዱ ብቻ ሲቀር ሌሎቹ ይሸሻሉ፣ እርሱም ዘንዶውን ገድሎ ይሞታል። ድል፣ ድሉ የወለደው በቀል፣ በመጨረሻም የድሉ ዋጋ፤ የዛሬ ባለ ሦስት ቅጽ ታሪኮች የሚከተሉት ቅደም ተከተል ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1897 የታተመው፣ ደም መጣጭ ጭራቅ የሆነውን ባላባት ስለሚያድኑ ሰዎች የሚተርከው የብራም ስቶከር ድራኩላ ነው። አዳኙን ከብቸኛ ጀግና ወደ ቡድን የለወጠው ይህ መጽሐፍ ከመሆኑም በላይ፣ የቡድኑ ዋና መሣሪያ መረጃ ነው። መጽሐፉ የተዋቀረው ከማስታወሻ ደብተሮች፣ ከደብዳቤዎች፣ ከቴሌግራሞችና ከጋዜጣ ቁርጥራጮች ሲሆን፣ ከቡድኑ አባላት አንዷ ሚና ሃርከር እነዚህን በጽሕፈት መኪና ቀድታ በቀን ቅደም ተከተል ስታደራጃቸው አዳኞቹ ምን እንደገጠማቸው በሙሉ ይረዳሉ። የአዳኞቹ መሪ ፕሮፌሰር ቫን ሄልሲንግም ሁሉንም ሰብስቦ ጠላታቸው የሚችለውንና የማይችለውን ይዘረዝራል፦ የቤቱ ሰው ካልጋበዘው በስተቀር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤት መግባት አይችልም፣ ኃይሉም ጎሕ ሲቀድ ይቋረጣል። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ያለው ውጥረት ሁሉ የሚቆመው በዚህ ዝርዝር ላይ ነው።

እነዚህን ማንበብ ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን ድራኩላን ያነበበ ወጣት የዛሬ ጸሐፊ የትኛውን ደንብ እንደወረሰና የትኛውን ሆን ብሎ እንደገለበጠ ይለያል።

ለጭራቁ ማዘን ጀምሬአለሁ። ይህ ጸሐፊው የፈለገው ነገር ነው?

በአብዛኛው አዎን። ጆን ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ልብ ወለድ የቤዎውልፍን ታሪክ ከግሬንደል አንጻር ከተረከ ወዲህ፣ ጭራቁን ተናጋሪ ማድረግ የተለመደ ሆኗል። አንባቢው ሊጠይቀው የሚገባው ርኅራኄው ደንቡን የሚያፈርስ መሆን አለመሆኑን ነው። ጭራቁ የሚያሳዝን ሆኖም ሰው መብላቱን ካላቆመ፣ አዳኙ ፊት ያለው ምርጫ እውነተኛ ምርጫ ነው፤ ልብ ሰቀላውም ይጨምራል። ጭራቁ ግን ሲታዘንለት ወዲያውኑ ጥርስ አልባ ከሆነ ጸሐፊው ምርጫውን ከአዳኙ እጅ ነጥቆ ራሱ መልሶታል ማለት ነው፤ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ከዚያ ገጽ በኋላ ይቀዘቅዙብኛል።

የፍቅር ታሪኩ ልብ ሰቀላውን አያደበዝዘውም?

ፍቅሩ የአደኑ ዋጋ አካል ሲሆን ያጎላዋል እንጂ አያደበዝዘውም። መሐላው ትዳርን የሚከለክል ከሆነ ወይም ጭራቁ አዳኙ የሚወደውን ሰው መልክ የሚይዝ ከሆነ፣ እያንዳንዱ የፍቅር ትዕይንት የአደን ትዕይንትም ነው። ሁለት ወጣቶች አንዲትን ልጅ ሲከጅሉ ሦስት ቅጽ የሚያልቅበትን ዓይነት ግን ያለ ጸጸት ማለፍ ይቻላል።

ለየትኛው ዕድሜ ይስማማል? ዘግናኝ ትዕይንቶቹስ?

የአሜሪካ የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ማኅበር የወጣት አንባቢን ዕድሜ ከ12 እስከ 18 አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ሆኖም በ12 እና በ18 ዓመት መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ሽፋኑ ላይ በሚጻፍ ምድብ ብቻ መተማመን አይቻልም። የወጣቶች የሚያሰኘው ዋናው ነገር የትረካው አንጻር ነው፤ ነገሩን የምናየው በጉርምስና ዕድሜ ላይ ባለ ሰው ዓይን ሲሆን፣ ጥያቄዎቹም የዚያ ዕድሜ ጥያቄዎች ናቸው፦ ማንን ልመን፣ ከቤተሰቤ የወረስኩት ጠብ የእኔም ጠብ ነው ወይ። ሞትና ደም ግን አሉበት፤ አስፈሪነቱም ከአዋቂዎች መጻሕፍት የግድ ያነሰ አይደለም።

ለልጃቸው መጽሐፍ የሚመርጡ ወላጆች ከመጀመሪያው ምዕራፍ ይልቅ ከቅጹ መካከል አንድ የአደን ምዕራፍ ቢያነቡ የተሻለ ግምት ይኖራቸዋል፤ ጸሐፊዎች መግቢያውን ብዙ ጊዜ ለዘብ ያደርጉታልና። ደግሞም በታሪኩ እየገፋ ሲሄድ ገጸ ባሕርያቱ በዕድሜ ስለሚጨምሩ፣ ሦስተኛው ቅጽ ከመጀመሪያው ጠንከር ያለ መሆኑ የተለመደ ነው። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ልጅ ማንበቡን ጨርሶ ከሚተው፣ ምዕራፉ ሲያልቅ ሳይሆን ከአደኑ በኋላ ባለው የዕረፍት ትዕይንት ላይ እንዲያቆም ቢመከር ይሻላል፤ ምዕራፎቹ የሚቆረጡት ሆን ተብሎ በጭንቁ ሰዓት ላይ ነው።

መጨረሻውን አስቀድሞ ማወቅ ንባቡን ያበላሸዋል?

በወቅቱ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች የነበሩት ጆናታን ሌቪትና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ 12 አጫጭር ልብ ወለዶችን ያነበቡ ሰዎች በጥቅሉ መጨረሻቸው አስቀድሞ የተነገራቸውን ታሪኮች ይበልጥ እንደወደዱ አሳይተዋል። ውጤቱ ከሂችኮክ ማብራሪያ ጋር የሚሄድ ይመስላል። ይሁንና ጥናቱ የተሠራው በአንድ ቁጭታ በሚያልቁ ታሪኮች ላይ ነው፤ አንባቢ ለሳምንታት አብሮት በሚከርም ባለ ሦስት ቅጽ ታሪክ ላይ በቀጥታ የሚሠራ አይመስለኝም። በእኔ ግምት ዋና ገጸ ባሕርይው እንደሚተርፍ ወይም እንደሚሞት ማወቅ ብዙ አይጎዳም፤ የሚጎዳው የሁለተኛውን ቅጽ ግኝት ማወቅ ነው። አዳኞቹ የደበቁትን የሚያውቅ አንባቢ የመጀመሪያውን ቅጽ ደንቦች አምኖ መቀበል አይችልም፤ ያላመነው ነገር ሲናድ ደግሞ አይሰማውም። ስለዚህ የመጨረሻውን ገጽ አስቀድሞ የመግለጥ ልማድ ያለው ሰው የሦስተኛውን ቅጽ ይግለጥ፤ የሁለተኛውን ሽፋን ጀርባ ጽሑፍ ግን አያንብብ።

ሦስተኛው ቅጽ ገና ካልወጣ መጀመር ይሻላል ወይስ መጠበቅ?

ታሪኩ በላይ በተገለጸው መንገድ የታነጸ ከሆነ መጀመር ይቻላል። ከአንደኛው ቅጽ በኋላ የሚኖረው ጥበቃ ግምት ለመገመትና ከሌሎች አንባቢዎች ጋር ለመከራከር ጊዜ ይሰጣል። ከሁለተኛው በኋላ ያለው ጥበቃ ግን በእርግጥ አስጨናቂ ነው፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው አንደኛውን አንብቦ ሁለተኛውን ሦስተኛው እስኪወጣ ቢያቆየው ይመረጣል።

በድምፅ ማዳመጥ ከማንበብ እኩል ነው?

ለፍርሃቱ ይበልጣል፤ ለደንቡ ያንሳል። ጥሩ ተራኪ ዝምታን ስለሚጠቀምና አድማጩ ዓይኑን ወደ ታችኛው አንቀጽ መወርወር ስለማይችል የአደን ትዕይንቶች በጆሮ ሲሰሙ ይበረታሉ። በሰባኛው ገጽ ላይ የነበረችውን ግማሽ ዓረፍተ ነገር መልሶ መፈለግ ግን በድምፅ አስቸጋሪ ነው። የመጀመሪያውን ቅጽ አንብቦ ቀሪዎቹን ማዳመጥ ጥሩ መካከለኛ መንገድ ይመስለኛል።

የሦስተኛው ቅጽ መጨረሻ አላረካኝም። ችግሩ የእኔ ነው ወይስ የመጽሐፉ?

ይህን ለመለየት ስሜትን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጎ ሁለት ነገሮችን ማጣራት ይቻላል። የመጀመሪያው፣ የታሪኩ ጡዘት የተፈታው በምን እንደሆነ ነው። ጭራቁ የተሸነፈው ቀድሞ በተነገረን ደንብ ከሆነ፣ ያውም ያላሰብነው አተረጓጎም ተሰጥቶት፣ መጨረሻው ቅር ቢያሰኝም በሐቅ የተሠራ ነው። ሞቶ የነበረው ሰው ድንገት ከተነሣ፣ ወይም ዋና ገጸ ባሕርይዋ በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረ ኃይል ካገኘች፣ ቅሬታው ተገቢ ነው። ሁለተኛው፣ በመጀመሪያው ቅጽ የተጠራው ዋጋ መከፈሉ ነው። አዳኙ ኃይሉን በተጠቀመ ቁጥር አንድ ትዝታ እንደሚያጣ ከተነገረን፣ በመጨረሻው አደን የሚያጣው ትዝታ እኛም አብረነው የኖርንበት ትዕይንት መሆን ነበረበት፤ ጸሐፊው ሳያስከፍለው ከሸኘው ሒሳቡ አልተዘጋም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ያላረካን እኛ የመረጥነው ገጸ ባሕርይ መሞቱ ብቻ ይሆናል፤ ያ ከሆነ ጉድለቱ የመጽሐፉ አይደለም።

ሦስቱን ከጨረስኩ በኋላ እንደገና ማንበብ ያዋጣል?

ሦስቱንም ማንበብ ላያስፈልግ ይችላል፤ የመጀመሪያውን ቅጽ ግን እንደገና ማንበብ ያዋጣል። በዚህ ጊዜ የሚፈለገው ንግር፣ ማለትም በኋላ ለሚሆነው ነገር ቀድሞ የተሰጠ ፍንጭ ነው፦ አሠልጣኙ ጥያቄውን ሳይመልስ የዞረበት ቦታ፣ የመሐላው ቃል ሲነበብ ዝም ያለ አንድ ሽማግሌ፣ በግድግዳው ላይ ካሉት የቀድሞ አዳኞች ሥዕሎች መካከል ባዶ የቀረ ክፈፍ። አንባቢው ማስታወሻ ይዞ ከነበረ፣ በመጀመሪያው ንባብ የጻፋቸውን ጥርጣሬዎች ከጎን አድርጎ ማንበቡ የትኛው ላይ ጸሐፊው ሆን ብሎ እንዳሳተው ያሳየዋል፤ ለዚህም የቅጹ የመጀመሪያዎቹ መቶ ገጾች ብዙውን ጊዜ ይበቃሉ።